ስምንት በሬዎች በፖሊስ ጣቢያ ግቢ

የተያዝኩት ውሃ ስጠጣ ነው። ሰልፉ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበርና ከአጠገቤ ካለው ሰው ጠርሙስ ተቀብዬ ቀና ብዬ ስጎነጭ ትከሻዬ ላይ እጅ አረፈ። ክዳኑን እንኳ አልመለስኩም። መፈክር የሚያሰሙት፣ ባነር የያዙት ሁሉ አመለጡ፤ ዝም ብዬ ውሃ የምጠጣው እኔ ተያዝኩ።

ሰልፍ የወጣነው ለወረቀት ነበር። በጆሃንስበርግ ዙሪያ በየሰፈሩ ትንንሽ ሱቅ፣ እዚህ ስፓዛ የሚሉትን፣ ይዘን የምንኖር ሐበሾች የጥገኝነት ወረቀታችን ካልታደሰ ሱቃችን ይታሸጋል። ወረቀቱን የሚያድሰው ቢሮ ደግሞ ለወራት በሩን ዘግቶ ነበር። ክፈቱልን ልንል ሄድን፤ የተከፈተልን የፖሊስ መኪና በር ሆነ።

ከእኔ ጋር የተጫነው አንድ የስልጤ ሰው ነው፤ ጄፔ የሚባለው የከተማው ገበያ ላይ ብርድ ልብስ በጅምላ ይሸጣል። እኔ የሆሳዕና ገጠር ልጅ ነኝ፤ ሱቄ ከከተማው ወጣ ብሎ ኦሬንጅ ፋርም በሚባል ሰፈር ነው። ከዚያን ቀን በፊት አንተዋወቅም ነበር። የሰዎቹን ስም እዚህ አልጽፍም፤ አብዛኞቹ አሁንም እዚያው አሉና ደስ ላይላቸው ይችላል። የበሬዎቹን ስም ግን እጽፋለሁ፤ እነሱ ቅር አይላቸውም።

ክፍሉ እስከ ትከሻ ድረስ አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ ነጭ የተቀባ፣ ጠረኑ አፍንጫ የሚያቃጥል ነበር፤ የመጸዳጃ መድኃኒት ያለ ልክ ደፍተውበታል። አንድ መስኮት አለው፤ ከፍ ብሎ ጣሪያው ሥር። ሁለት ሽማግሌዎች በሁለት ማዕዘን ተቀምጠዋል፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ነጭ። አንድ ጋዜጣ ለሁለት ተካፍለው ያነባሉ። ጥቁሩ የስፖርቱን ገጽ ይዘዋል፣ ነጩ የተረፈውን። አይነጋገሩም።

«ሳውቦና» አሉኝ ጥቁሩ ሽማግሌ፤ የዙሉ ሰላምታ ነው።

«ዬቦ፣ ባባ» አልኳቸው። ባባ ማለት አባባ እንደማለት ነው፤ ደንበኞቼ ያስተማሩኝ።

«ባለሱቅ ነህ» አሉኝ።

«እንዴት አወቁ?»

«ሰላም ስትል እጅህ ከኋላህ ዕቃ ይፈልጋል።»

እውነታቸውን ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በሽቦ መስኮት ውስጥ ሆኜ ሰላም እያልኩ ዳቦና ሲጋራ ሳቀብል ኖሬያለሁ።

ባባ የታሰሩት የሰፈራቸው ቧንቧ ደርቆ ከጎረቤቶቻቸው ጋር መንገድ ስለዘጉ ነው። ከዚያ በፊት፣ በነጮቹ አገዛዝ ዘመን ሦስት ጊዜ ታስረዋል። ስለዚህ የክፍሉ አለቃ እሳቸው ነበሩ፤ ማንም ባይመርጣቸውም። የቱ ብርድ ልብስ ቁንጫ እንዳለው፣ ለየትኛው ፖሊስ ሰላም ማለት እንደሚገባ፣ የሻዩ ስኳር ከየት እንደሚገኝ በግማሽ ሰዓት አስተማሩን።

ነጩ ሽማግሌ የበር መቃን የሚሞሉ ሰው ናቸው። ቁምጣ ለብሰው ካልሲያቸውን እስከ ጉልበት ስበዋል። ከድሮ የኔዘርላንድስ ሰፋሪዎች ዘር ናቸው፣ ቦር የሚባሉት፤ ፖሊሶቹ ሳይቀሩ ኦም ይሏቸዋል፤ በቋንቋቸው አጎት ማለት ነው። እኛም ኦም አልናቸው። ወደ እርሻቸው የሚወስደው ድልድይ ፈርሶ ሦስት ክረምት አልፎታል። አቤት ቢሉ የሚሰማ አጡ። «መንገዱን ወደ ቅድመ አያቴ ዘመን ከመለሳችሁት እኔም በቅድመ አያቴ ጋሪ እመጣለሁ» ብለው በስምንት በሬ የሚጎተት ትልቅ የእንጨት ጋሪ ይዘው ከተማ ገቡ። ቢሮው በር ላይ አቁመው መንገዱን ዘጉት። ሲይዟቸው ጋሪውን ራሳቸው እየነዱ ጣቢያው ግቢ አስገቡ፣ በሬዎቹን ፈቱ፣ ውሃ አጠጡ፣ ከዚያ እጃቸውን ለካቴና ዘረጉ።

«ብሮ፣ ፍራይዴይ የተያዘ እስከ መንዴይ አይወጣም» አለኝ ስልጤው። «ሪላክስ አድርግ። ሎየሩ ያለውን ሰምተሃል።»

ሰምቻለሁ። ማኅበራችን የላከው ጠበቃ በብረቱ በኩል ቆሞ፦ «አንገታችሁን ድፉ፣ አትናገሩ፣ አትታዩ፤ የተበላሸ ወረቀት የያዘ ሰው አንድ ነገር ከተጨመረበት ወደ አገሩ ነው የሚጫነው» ብሎን ነበር። እኔም አንገቴን ለመድፋት ቆርጬ ነበር።

የዓርብ ከሰዓት ረዥም ነው። ዝም ብሎ መቀመጥ ሲያቅተኝ ኦምን ስለ ጋሪው ጠየቅኋቸው። ደስ አላቸው፤ ፊታቸው ሁሉ ቀላ።

«የኛ ሰዎች ከኔዘርላንድስ መጥተው ደቡቡ ጫፍ ላይ፣ ኬፕ ሰፈሩ» አሉ። «በኋላ እንግሊዞች መጥተው ኬፕን ወሰዱት። ሕጉም ቋንቋውም የእንግሊዝ ሆነ። የኛ ሰው ደግሞ የሚያዘውን አይወድም። ጋሪውን ጠምዶ ወደ መሀል አገር ወጣ። ለአንድ ጋሪ አሥራ ስድስት በሬ።»

«እንግሊዞቹ ባሪያዎቻችሁን ነጻ ስላወጡባችሁም ነው» አሉ ባባ፣ ከስፖርት ገጻቸው ቀና ሳይሉ።

ኦም «እሱም አለበት» አሉ። «ከዚያ እዚህ ወርቅ ተገኘና እንግሊዞቹ ተከትለውን መጡ። ጦርነት ሆነ። የአያቴን እናት ቤት አቃጥለው ከነልጆቿ የታጠረ ሰፈር አስገቧት። ከአምስት ልጆቿ ሁለት ተረፉ።»

ባባ ጋዜጣቸውን አጠፉ። «የኛም ሰዎች የታጎሩበት ሰፈር ነበር። ስለሱ ነግራችኋለች?»

«አልነገረችንም።»

«አላወቀች ይሆናል» አሉ ባባ። በደግነት ነው ያሉት።

ከዚያ ኦም አንድ ነገር አደረጉ። ዓይናቸውን ጨፍነው የቅድመ አያታቸውን አሥራ ስድስት በሬዎች ስም ከፊት እስከ ኋላ በቃላቸው ወጡት። በቤተሰቡ ሲወርድ የመጣ ነው፤ ከኋለኞቹ አንዱ ኤንግልስማን ይባላል፤ እንግሊዙ ማለት ነው።

«ለምን እንግሊዙ?» አለ ስልጤው።

«ሰነፉን በሬ ሁልጊዜ እንግሊዙ ነው የምንለው። አሁንም አለኝ፤ ግቢው ውስጥ ነው። ነጂው ሲገርፈው ደስ እንዲለው ነው።»

አራታችንም የሳቅነው ያኔ ነው። ስልጤው ሆዱን ይዞ ግድግዳው ላይ ተደገፈ። ባባ በሳቃቸው መሀል ጣታቸውን አነሱ።

«ከበሬዎቹ ፊት ገመድ ይዞ የሚሄደውስ?» አሉ። ወደኔ ዞረው አስረዱኝ፦ «አየህ፣ ጋሪ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ባለቤቱ ከጎን ረዥም ጅራፍ ይዞ ይሄዳል። አንድ ጥቁር ሰው ደግሞ ከፊት ሆኖ የመሪዎቹን በሬዎች ገመድ ይስባል። ወንዝ ሲደርሱ ጥልቀቱን ቀድሞ ገብቶ የሚለካው እሱ ነው። አባቴ ሃያ ዓመት ይህን ሠርቷል፤ በውርጭ፣ ያለ ጫማ።» ወደ ኦም ተመለሱ። «ስሙ ማን ነበር፣ የቅድመ አያትህ መሪ?»

ኦም «አልተነገረኝም» አሉ።

«እንግሊዙን በሬ አስታውሳችሁ ሰውየውን ረሳችሁት» አሉ ባባ፤ ጋዜጣቸውንም ዘረጉ።

ቅዳሜ ጠዋት ከግቢው ጩኸት ተሰማ፤ የሰውም የበሬም። ወዲያው ሳጅኗ ገባች። የክፍላችን ጠባቂ እሷ ናት፤ ጎበዝ፣ ፈጣን ሴት፣ የከተማ ልጅ። ጸጉሯ ላይ ጭድ ተሰክቷል።

«ኦም፣ በሬዎችዎ አንድ እርምጃ አንሄድም አሉ» አለች። «ልጅዎ የጭነት መኪና ይዞ መጥቷል፤ ግን በኛ በር አይገባም። ሁለት መንገድ አልፎ ባዶው ሜዳ ላይ ቆሟል። ጠምደን ልንነዳቸው ሞከርን። ስልክ ላይ ቪዲዮ እያየን ነው የጠመድነው።»

«ሠራተኛዬስ? መሪው?»

«ትናንት በታክሲ ወደ እርሻው ተመልሷል። ልጅዎ ደግሞ ትራክተር እንጂ በሬ አልነካም ይላል።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «የጣቢያው አዛዥ እስከ ስድስት ሰዓት ግቢው ካልጸዳ የማዘጋጃ ቤቱ መኪና ይውሰዳቸው ብሏል። እዚያ የገባ ከብት ደግሞ ለቄራ ነው የሚሸጠው።»

ኦም እጃቸውን ግድግዳው ላይ አደረጉ። «መሪ በሬዬን ሮይላንድን በጡጦ ነው ያሳደግሁት» አሉ። «አውጪኝ፣ ልጄ። ራሴ እጠምዳቸዋለሁ።»

«አዛዡን ጠይቄያለሁ። አልፈቀደም» ብላ ወጣች።

ሰዓቱ አራት ተኩል ነበር። ኦም ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሱ ጀመር። «ምን አድርገዋቸው ነው? ትናንት እንደ በግ ነው የገቡት» ይላሉ። መስኮቱን አየሁት። ኦም ከፍታው ይደርሳሉ ብል እንኳ ጉልበታቸው የታመመ ነው፣ መውጣት አይችሉም።

«እኔ ልይልዎት» አልኩ።

«ብሮ» አለኝ ስልጤው በአማርኛ፣ «አርፈህ ቁጭ በል። ፔፐርህን አስብ። የነጭ በሬ ምንህ ነው?»

ኦም ግን ከመስኮቱ ሥር ሄደው ጎንበስ አሉና ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተከሉ። «ጀርባዬ ላይ ውጣ» አሉኝ።

ጫማዬን አወለቅሁ። ባባ ጋዜጣቸውን ጥለው ተነሱ። ባዶ እግሬ ያ ሰፊ የቦር ጀርባ ላይ ሲያርፍ ሽማግሌው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ይህን ሳላይ ብሞት ኖሮ!» አሉ። ከሥሬ ያሉት ኦምም እየሳቁ ስለነበር እንደ ጀልባ ያወዛውዙኝ ነበር።

ብረቱን ይዤ አየሁ። ስምንት በሬ፣ አራት ጥንድ፣ ጋሪው ፊት ተሰልፈዋል። ፖሊሶቹ መልካቸውን አይተው አጣምረዋቸዋል፤ ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር፣ ቡሬ ከቡሬ። ለዓይን እንዴት ያምር ነበር። በሬዎቹ ግን አንገታቸውን ወደ ውጭ እየጣሉ፣ በቀንዳቸው እየተገፋፉ፣ አንዱ ባንዱ ኋላ ሊዞር ይታገላል። በሬ የሚያውቅ ሰው ምን እንደሚሉ ይሰማዋል። የቀኝ በሬ ቀኝ ነው፣ የግራ በሬ ግራ። ጥጃ ሆኖ ሲገራ በተማረበት ጎን ካልሆነ ቆዳውን ብትገፈው አይሄድም። የኛም አገር በሬ እንዲሁ ነው።

«ጎናቸውን አሳስተውታል» አልኩ። «ግራውን ቀኝ አድርገውታል። ከፊት ያለው ቀይ፣ ጆሮው ሥር ነጭ ያለበት፣ ቀንበር የፈተገው የአንገቱ ጸጉር የሳሳው በወዲህ ጎኑ ነው፤ የግራ በሬ ነው እሱ።»

«ሮይላንድ ነው» አሉ ከሥሬ። «አዎ፣ ግራ ነው። በስመ አብ፣ ቀኝ ጠመዱት? ትልቅ ነጭ ሆድ ያለውስ የት ነው? ቫልፔንስ?»

«ከኋላ፣ ጋሪው ጋ። ከፊት ከሮይላንድ ጎን አንድ ሌላ ቀይ ነው ያለው። ተኝቷል።»

«እሱ እንግሊዙ ነው!» አሉ ኦም። «እንግሊዙን መሪ አድርገውታል!»

ከጀርባቸው ወረድኩ። ወደዚህ አገር የመጣሁት በሁለት በሬዎች ነው። ቀይና ቡላ ነበሩ፤ ጠምጄ ያረስኩባቸው፣ ጥጃ ሆነው እኔው የገራኋቸው። አባቴ ሸጣቸውና የመንገዴ ገንዘብ ሆኑ። ገበያ በወሰዳቸው ማለዳ ከቤት አልወጣሁም፤ ድምፃቸውን ብቻ ነው የሰማሁት። ስምንት በሬ ቄራ ሲጫን ከመስኮት ሥር ተቀምጬ እንደገና መስማት አልቻልኩም። ጠበቃው ያለውን አልረሳሁም። በሩን በጡጫ መታሁት።

ሳጅኗ መጣች። ነገርኳት።

«አንተ ባለሱቅ አይደለህም እንዴ?» አለችኝ።

«ከሱቁ በፊት አራሽ ነበርኩ።»

አየችኝ። በዚህ አገር ሁሉ ሰው ማይ ፍሬንድ ነው የሚለኝ፤ ከዚያ በፊት ምን እንደነበርኩ የጠየቀኝ አልነበረም። ወደ አዛዡ ሄዳ ምን እንዳለችው አላውቅም፤ ስትመለስ ቁልፍ ይዛለች። «ሁለታችሁ። በኔ ኃላፊነት ነው። ብትሮጡ ሥራዬን ነው የምታሳጡኝ» አለች።

ባባ ኮታቸውን ለብሰው ከኋላችን ቆመዋል። «ባባ፣ እርስዎን አልጠራሁም» አለቻቸው።

«ሽማግሌ ፀሐይ መሞቅ አለበት» ብለው አለፏት። እሷም በሩን ከኋላቸው ቆለፈች።

ግቢው በሬ በሬ ይሸታል። ወደ ሮይላንድ ሄጄ አንገቱን አሸሁለት። ከዚያ ሥራ ነበር። ቀንበሩ ከኛ ይከብዳል እንጂ አሠራሩ ያው ነው፤ በአንገቱ ግራና ቀኝ ሁለት ማነቆ፣ ከጉሮሮ ሥር የቆዳ ማሰሪያ። ኦም ስም ይጠራሉ፣ እኔ ፈትቼ አመጣለሁ። ሮይላንድ ፊት ግራ፣ ቫልፔንስ ፊት ቀኝ። የመሀሎቹ አራቱ። እንግሊዙ መጨረሻ፣ ከጋሪው አጠገብ፣ በቀኝ። ተነስ ቢሉት አልነሳም አለ፤ ጅራቱን ጠምዘዝ ሳደርገው በጣም እንደተበደለ ሰው ቀስ ብሎ ተነሳ። ሌሎቹ ጎናቸውን ሲያገኙ አንድ በአንድ ዝም አሉ። የመጨረሻውን ማሰሪያ ስቋጥር ግቢው ጸጥ አለ። ፖሊሶቹ ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጹናል።

ኦም ጅራፋቸውን ከጋሪው ላይ አወረዱ። ከኔ ቁመት ሦስት እጥፍ የሆነ ቀርከሃ ነው። በሌላው እጃቸው የመሪዎቹን ገመድ አንስተው ወደኔ ዘረጉ። እኔም ልቀበል እጄን ሰነዘርኩ፤ ምንም አልታሰበኝም። የኛ አገር በሬ ከኋላ ነው የሚነዳው፤ ገመድ መያዝ ምን ማለት እንደሆነ በእጄ አላውቅም።

ባባ እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተው ገመዱን ያያሉ። ኦም አዩአቸው። የዘረጉት እጅ አየር ላይ ቆየ።

ከዚያ ኦም ገመዱን ወደ ራሳቸው መለሱት። ጅራፉን ለባባ ሰጡ። «አንተ ያዝ» አሉ።

ባባ ጅራፉን ተቀብለው ከላይ እስከ ታች አዩት። ጋሪው ላይ ወረወሩትና እግራቸውን መንኮራኩሩ ላይ አድርገው ወጡ። ወንበሩን በእጃቸው ጠረጉና ተቀመጡ።

«አባቴ ሃያ ዓመት ሲመራ አንድ ቀን አልወጣበትም» አሉ። «እስቲ ከላይ ምን እንደሚመስል እናየዋለን።»

በሩ ተከፈተ። ኦም ገመዱን ይዘው እያነከሱ ከፊት፣ ባባ እንደ ንጉሥ ከላይ፣ እኔ ከጎን። ጅራፍ አልነበረኝም፤ ድምፄ ነበረኝ። እርሻ ላይ አባቴ በሀዲይሳ የሚያዜመውን ዜማ አወጣሁት፤ አሥራ አንድ ዓመት ከአፌ አልወጣም ነበር። ቃሉን አልሰሙትም ይሆናል፤ ስማቸውን ስጨምርበት ግን ጆሯቸው ቆመ። «ሮይላንድ! ቫልፔንስ!» ጋሪው አቃሰተና ተንቀሳቀሰ። ከኋላችን ስልጤው እንዴት እንደወጣ እንጃ፣ የመስኮቱን ብረት ይዞ ተንጠልጥሎ «አላሁ አክበር፣ ሄዱ! ብሮ፣ ሄዱ!» ይላል። አርፈህ ቁጭ በል ያለኝ እሱ ነው።

ሁለቱ መንገዶች የቅዳሜ ገበያ ነበሩ። ሚኒባሶቹ ቆሙ፤ ጥሩምባቸውን እየነፉ። ቲማቲም የሚሸጡት ሴቶች እልል አሉ፤ ባባ ከላይ ሆነው እጃቸውን ያነሱላቸዋል። አንድ ሐበሻ ከጫማ ሱቁ ዘሎ ወጥቶ «ኧረ ይሄ የኛ ልጅ ነው እንዴ?» ሲል ሰማሁት፤ ዞሬ ማየት አልቻልኩም፣ እንግሊዙ ወደ ጎመን መደብ እያዘነበለ ነበር። ሳጅኗ ከፊት ሆና መኪና ታስቆማለች፤ እየሳቀች ነው። እኔ ራሴ እየሳቅሁ እንደነበር ያወቅሁት ጉንጬ ሲያመኝ ነው። እዚህ አገር እንደዚያን ቀን ተደስቼ አላውቅም፤ እስረኛ ነበርኩ።

ሜዳው ላይ የኦም ልጅ መኪናውን ከፍቶ ይጠብቅ ነበር። ሰባቱ በጣውላው ወጡ። እንግሊዙ እግሩን ተክሎ አልንቀሳቀስም አለ። ኦም ለመኑት፣ እኔ ገፋሁት፣ ልጁ ተሳደበ። ስድስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ባባ ከጋሪው ወርደው ወደ ጆሮው ተጠጉና በዙሉ የሆነ ነገር አሉት። እንግሊዙ ጣውላውን ወጣ።

«ምን አሉት?» አልኩ።

«ወደ አገርህ ግባ አልኩት።»

ኦም የመኪናውን በር ዘግተው ላባቸውን ጠረጉ። ወደ ባባ ሄደው ኮፍያቸውን አወለቁ። «የአባትህ ስም ማን ነበር?» አሉ። «የበሬዎቹን ስም ለልጅ ልጆቼ ሳስተምር የመሪውን ቦታ ባዶ አልተውም። የአባትህን ስም ልጨምርበት።»

ባባ «አይሆንም» አሉ። «አባቴ የሌላ ሰው በሬ ነው የመራው። ያንተን ሰው አንተው ፈልገው።» ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ፤ ተጨባበጡ።

ሳጅኗ ካቴና ይዛ ነበር፤ አላወጣችውም። ከሳጅኗ ጋር አራት ሆነን በእግራችን ወደ ጣቢያው ተመለስን። መንገዱ ጢም ብሎ በሰው ስለሞላ ብሰወር የሚያገኘኝ አልነበረም። አንድ ማዞሪያ ላይ እግረኛ ሲገፋን ተለያየን፤ ሳጅኗን ለአፍታ አጣኋት። ቆሜ ጠበቅኋት። ስትመጣ እንደቆምኩ አገኘችኝ። «እንሂድ» አልኳት፤ ሄድን። ክፍላችን ስንደርስ በሩን ከውስጥ የሳብኩት እኔ ነኝ።

ሰኞ ዳኛው ሁላችንንም በማስጠንቀቂያ ለቀቁን። የወረቀቱ ቢሮ ከወራት በኋላ ተከፈተ፤ ድልድዩ ግን አሁንም አልተሠራም። ኦም አልፎ አልፎ ይደውላሉ። የቤተ ክርስቲያን መዝገብ እየፈተሹ ነው፣ ሰውየውን አላገኙትም። ባባ ይህን ስነግራቸው «ይፈልግ» ይላሉ፤ ቅር ያላቸው አይመስሉም።

እኔ ስለ እስሩ ለአባቴ ለዓመታት ሳልነግረው ቆየሁ። በሬዎቹን ሸጦ የላከው ልጁ እስር ቤት ገባ ማለት አፍሬ ነበር። ባለፈው ወር፣ ሱቁ ጭር ባለበት ሰዓት ደውሎ በሬ እያሰሰ እንደሆነ ሲነግረኝ አፌ አመለጠኝና ሁሉንም አወራሁት።

«መኪናው ላይ ወጡ?» አለኝ።

«ወጡ።»

«ስምንቱም?»

«ስምንቱም።»

«ቀኝና ግራቸውን የለየኸው ማንም ሳይነግርህ ነው?»

«ማንም አልነገረኝም።»

ስልኩን ከጆሮው አራቀው፤ አልዘጋውም። ለጎረቤቱ ሲናገር ሰማሁት። «ልጄ ጆሃንስበርግ መሀል ስምንት በሬ ጠምዶ ነዳ» አለው። ጎረቤቱ አላመነም መሰለኝ፣ አባቴ ደገመለት፤ ከሮይላንድ ጀምሮ እያንዳንዱን ከነጎኑ። እስሩን አላነሳም። ደንበኛ መስኮቱ ላይ ቆሞ ዳቦ እየጠየቀኝ እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ወሬው እስኪያልቅ ቆየሁ።